ዋንጫው ይቅርብንና ሞተሩ ይነሳ፦ ስለ አሮጌ ትራክተር ትርኢት ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ጽሑፉን ያላነበባችሁ ካላችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ከከሚሴ እስከ ኃይቅ፣ ኮምቦልቻና ደሴን ጨምሮ፣ አሮጌ ትራክተር ያለን ወይ የነበረን ወይ የሌላ ሰው ትራክተር ስር ተኝተን ያደግን ሰዎች አለን፣ እና ሰሞኑን «አንድ ቅዳሜ ሜዳ እንፈልግና እናውጣቸው፣ ሞተር እናስነሳ፣ ቡናም ይፈላ፣ ሰው ይይ» ስንባባል ነበር። ይቺን ወሬ የሰማ አንድ ወንድማችን ቁጭ ብሎ ረጅም ጽሑፍ ጻፈ። ሐሳቡን ወዶታል፣ እግዜር ይስጠው። ግን ዳኛ፣ ነጥብ መስጫ፣ ደረጃና ሽልማት ካልገባበት ነገሩ «ብረት ፀሐይ ማስመታት» ነው ብሎ ደመደመ፣ ስድስት ምክንያትም ደረደረ።

ሰውዬውን በአካል አላውቀውም፣ አጻጻፉን ሳየው ግን ትራክተር የሚወድ ሰው ነው፣ ራሱም ቤላሩስ የሚባለው የሶቪየት ትራክተር አለኝ ብሏል፣ ስለዚህ ፀብ የለንም። ብቻ አንዴ ኮሚቴ ተቋቁሞ የነጥብ ወረቀት ከታተመና ማህተም ካረፈበት በኋላ «ኧረ እንተወው» የሚባል ነገር የለም፣ ያገራችንን ኮሚቴ ታውቁታላችሁ። ገና ወሬ ሳለ ነጥብ በነጥብ ልመልስለት።

መጀመሪያ ያነሳው «ሽልማት ከሌለ ማንም ናፍጣ አቃጥሎ ትራክተሩን ይዞ አይመጣም» የሚል ነው።

ይመጣል እንጂ። ነገሩን ከኛ በፊት ሲያደርጉት የኖሩትን ሰዎች እንይ። አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ ማውንት ፕሌዘንት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፣ እዛ በፈረንጅ ከ1950 ጀምሮ የድሮ እህል ወቂዎች መሰባሰቢያ አለ፣ አምስት ቀን ነው፣ የነሱ የሠራተኞች ቀን በሚውልበት ሰኞ ያልቃል። የእንፋሎት ሞተሩ ይነሳል፣ በቺንጋ ከመውቂያው ጋር ይያያዛል፣ ነዶ ይገባል፣ ስንዴ ይወቃል፣ ሰው ቆሞ ያያል። እንግሊዞቹም ዶርሴት ላይ በ1969 የጀመሩት ትልቅ የእንፋሎት ማሽን ትርኢት ነበራቸው፣ አሮጌ ትራክተር ሜዳ ሙሉ ይሰለፍበት ነበር። እንደዚ አይነት ቦታ ትራክተር ይዞ የሚመጣው አብዛኛው ሰው ከኋላው ወንበር ዘርግቶ ጥላ ስር ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው፣ አንዱ ይመጣና «አባቴ እንዲህ አይነት ነበረው» ይላል፣ በዛው ወሬ ይጀመራል፣ ሰልፍ ሲባል ሁሉም ያስነሳና ሜዳውን ዞሮ ተመልሶ እዛው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ በቃ ይሄው ነው። ውድድር የለም አልልም፣ አለ፣ ግን አንድ ጥግ ላይ ነው፣ የፈለገ ይገባል ያልፈለገ ቡናውን ይጠጣል። ደሞ የእርሻ ቀን የሚሉት አላቸው፣ አንድ ገበሬ ማሳውን ይሰጥና አሮጌ ትራክተር ያለው ሁሉ ማረሻውን ይዞ መጥቶ ጎን ለጎን ያርሳል፣ ቁርጥ የኛን ደቦ፣ ዳኛ የለ ምን የለ።

ሰው ምን ሊያይ እንደሚሰበሰብ ማስተዋል ነው እንጂ። ጀርመኖቹ ላንዝ ቡልዶግ የሚባል ትራክተር አላቸው፣ ከ1921 ጀምሮ የተሠራ፣ ሲሊንደሩ አንድ ብቻ ነው ግን አንዱ እንደ አራት ነው። እሱን ለማስነሳት ፊት ለፊት ያለውን የሞተሩን ራስ በእሳት ነበልባል እስኪግል ያሞቁታል፣ ከዛ መሪውን ከነዘንጉ ይነቅሉና ከጎን ሰክተው ወዲያ ወዲህ እያሉ ያዞሩታል፣ ሲነሳ ዱም፣ ዱም፣ ዱም እያለ ትራክተሩ ቆሞ በቦታው ይዘላል። ይሄን ለማየት ሰው ክብ ሠርቶ ነው የሚቆመው። ማን አንደኛ ወጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ የተነሳው አንድ ትራክተር ነዋ።

ሁለተኛው ላይ ነው በጣም የማልስማማው። «ዳኛ ካለ ሰው ትራክተሩን በወጉ ያድሳል፣ ኦሪጅናሉም ይጠበቃል» ይላል። ሲሰሙት ልክ ይመስላል።

አንድ ትራክተር ላሳያችሁ። ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ የቆመ ማሲ ፈርጉሰን 135 ነው። 135 በፈረንጅ ከ1964 እስከ 1975 የተሠራ ነው፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር፣ 45 የፈረስ ጉልበት ገደማ፣ ትንሽ ነገር ግን የማይሞት። የዚኛው ኮፋኖ የራሱ አይደለም፣ በላሜራ የተሠራ ነው፣ ባትላሜራው እጁ የተባረከ ስለነበር ከሩቅ አይለይም፣ ጠጋ ስትሉ ግን የመዶሻው ምት ይታያል። አንዱ የፊት መብራት የአይሱዙ ነው፣ ሌላው የምን እንደሆነ ባለቤቱም አያውቅ። ሞተሪኖው፣ ማስነሻው ማለቴ ነው፣ ተቀይሯል። ወንበሩ ጣውላ ነው፣ ላዩ ላይ የማዳበሪያ ጆንያ። ማርሚታው ጫፍ ላይ ዝናብ እንዳይገባ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ተደፍቶበታል፣ ሞተሩ ሲነሳ ቆርቆሮው ተፈናጥሮ ይሄዳል፣ የግቢው ልጆች እሱን ለመያዝ ነው የሚሻሙት። ከሁሉ የምወደው ደሞ ቀኝ ፓራፋንጎው ነው፣ ቀዩ ቀለም በተላጠበት በኩል ከስር በነጭ የተጻፈ ፊደል አለ፣ አብዛኛው ጠፍቷል፣ «ርሻ ልማት» የሚለው ብቻ ይነበባል፣ የመንግሥት እርሻ ልማት ከሚባልበት ዘመን የቀረ ነው።

አሁን ዳኛው ወረቀቱን ይዞ ይምጣ። ኮፋኖ ኦሪጅናል አይደለም፣ ቀንስ። መብራት አይመሳሰልም፣ ቀንስ። ወንበር፣ ሞተሪኖ፣ ቀለም፣ ቀንስ ቀንስ ቀንስ። ይሄ ትራክተር መጨረሻ ይወጣል። ከጎኑ አንዱ ባለ ገንዘብ ከውጭ አስመጥቶ ሰሞኑን ያስቀባው፣ አንድ ጥማድ መሬት ያላረሰ ጎማው የሚያብለጨልጭ ትራክተር አንደኛ ይወጣል። ከዛ የ135ቱ ባለቤት ሁለት ምርጫ አለው፣ ወይ ሁለተኛ አይመጣም፣ ወይ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ያስቀመጠውን ብር አውጥቶ ትራክተሩን በአሸዋ ወረቀት ያስፍቀዋል፣ ያቺ «ርሻ ልማት» የምትለዋም አብራ ትፋቃለች። ቀለም ሁሌ መቀባት ይቻላል፣ የተፋቀውን ግን የሚመልስ ባለሙያ የለም። ፈረንጆቹም እኮ ይሄን ስላዩ ዝገቱንና የተላጠ ቀለሙን እንዳለ ጠብቀው የሚያቆሙ ሰዎች በዝተዋል፣ እንደውም ያልተነካውን ከታደሰው አብልጠው የሚወዱ ሞልተዋል።

ደሞ እኛ አገር መለዋወጫ በሌለበት ይሄን ሁሉ ዓመት ያቆየው ያ «ኦሪጅናል ያልሆነው» ነገር ነው። ኦሪጅናል ኮፋኖ ካልመጣ ብሎ የጠበቀ ሰው ትራክተር ዛሬ ቁርጥራጭ ሆኖ ተሸጧል።

ጸሐፊው በዚሁ ነጥብ ስር «ጥራት የሚለካው በፈተና ነው» ብሎ አክሏል። እነዚ ትራክተሮች እኮ ፈተናቸውን ጨርሰዋል። አሜሪካ ኔብራስካ ላይ አምራቾች የማይሆን ነገር እያወሩ ገበሬውን ሲያታልሉት ጊዜ ሕግ ወጣና ከ1920 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲው ትራክተሮቹን እየሞከረ ጉልበቱን፣ የነዳጅ ፍጆታውን፣ የመጎተት አቅሙን በወረቀት ሲያወጣ ኖሯል። ያ ጠቃሚ ፈተና ነበር፣ ሊገዛ ያለን ሰው ከኪሳራ ያድናል። ጡረታ የወጣን ማሽን ግን እንደገና ፈተና ላይ ማስቀመጥ ለማን ነው የሚጠቅመው?

አንድ ነገር ላይ ግን እስማማለሁ። ምርመራማ ይኑር፣ ለነጥብ ሳይሆን ለነፍስ። ፍሬኑ ይይዛል ወይ፣ ማርሽ ገብቶ እያለ ይነሳል ወይ፣ ናፍጣ ያፈሳል ወይ። ከሁሉ በላይ ከኋላው መውቂያና ፓምፕ የሚያዞረው ዘንግ መሸፈኛ አለው ወይ። ይሄ ዘንግ በደቂቃ 540 ጊዜ ነው የሚዞረው፣ ወሎ ውስጥ ደሞ ግማሹ ሰው ሽርጥ ግማሹ ጋቢ ለብሶ ነው የሚመጣው፣ ጫፉን አንዴ ከያዘው ሰው «ወይኔ» እስኪል እንኳን ጊዜ አይሰጥም። መሸፈኛ የሌለው ትራክተር ዘንጉን እንዳያዞር ይከልከል። እዚህ ላይ ኮሚቴም ይኑር፣ ማህተምም ይምጣ።

ሦስተኛው «ሰው የሚወደው ጉተታ ነው፣ እኛም የጉተታ ውድድር እናዘጋጅ» የሚለው ነው። ለማታውቁት፣ ትራክተሩ ከኋላው ተንሸራታች ተሳቢ ይታሰርለታል፣ ተሳቢው ላይ ከባድ ክብደት አለ፣ ትራክተሩ በሄደ ቁጥር ክብደቱ ከኋላ ወደ ፊት እየተንፏቀቀ ይመጣና የተሳቢው ፊት መሬቱን እየነከሰ ይሄዳል፣ ሸክሙ እየከበደ እየከበደ መጨረሻ ትራክተሩ ይቆማል፣ ማን ራቀ ነው ጨዋታው። ለማየት ደስ ይላል፣ አልዋሽም፣ ጭስ አለ፣ ጩኸት አለ፣ የፊት ጎማ ይነሳል።

ችግሩም የፊት ጎማው መነሳቱ ላይ ነው። በ1917 መሠራት የጀመረው ፎርድሰን ሞዴል ኤፍ የሚባለው ትራክተር ወደ ኋላ እየተገለበጠ ሾፌር በመግደል ስሙ ጠፍቶ ነበር። ማረሻው ድንጋይ ወይ ሥር ሲይዝ የኋላ ጎማው መዞር ያቅተዋል፣ ሞተሩ ግን አላቆመም፣ ስለዚህ ትራክተሩን ራሱን በአክሱሉ ዙሪያ ወደ ላይ ያነሳዋል። ሃሪ ፈርጉሰን የተባለው የሰሜን አየርላንድ ሰው ማረሻውን በሦስት ነጥብ ከትራክተሩ ጋር ያያያዘበት ዘዴ ብዙ ጥቅም አለው፣ አንዱ ይሄን መገልበጥ መቀነሱ ነው። ኮቨንትሪ ላይ ከ1946 እስከ 1956 የተሠራችው ትንሿ ግራጫ ፈርጉሰን ይሄን ይዛ ነው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የተመረተችው፣ ዛሬ የምታዩት ትራክተር ሁሉ ከኋላው ያለው ሦስት ክንድ ከዛ የመጣ ነው። በጉተታ ጊዜ ግን ማረሻ የለም፣ ሰንሰለት ነው፣ ሰንሰለቱን አንዱ ችኩል ከአክሱሉ ከፍ አድርጎ ካሰረው ደሞ አለቀ፣ ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ ትራክተሩ ሾፌሩ ላይ ነው። የኛዎቹ አሮጌዎች ሲገለበጥ ሾፌሩን የሚያተርፍ የብረት ቀስት የላቸውም።

ሰው ባይጎዳ እንኳን ዕቃው አለ። ፍሪሲዮን ተቃጠለ እንበል፣ ካምቢዮ ውስጥ ጥርስ ተሰበረ እንበል። ባለቤቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄዶ ከአንዱ ሱቅ ወደ አንዱ ሱቅ «የ135 አለህ ወንድሜ?» እያለ ሲዞር ይሰነብታል፣ ካገኘም በዋንጫው ዋጋ አያገኘውም። ለአንድ ጭብጨባ።

ውድድር ካማራችሁ እኔ አንድ ብቻ እፈቅዳለሁ (ማን ፈቃጅ አደረገህ እንዳትሉኝ)፣ እሱም የቀስታ ውድድር ነው፣ ፈረንጆቹም በየትርኢቱ የሚጫወቱት። አንደኛ ማርሽ ይገባል፣ ጋዝ ይቀነሳል፣ ፍሬንና ፍሪሲዮን መንካት ክልክል ነው፣ መጨረሻ የደረሰ ያሸንፋል፣ ሞተር የጠፋበት ወጣ። ሞተሩን በጆሮው የሚያውቅ ሽማግሌ ጎረምሳውን ያሸንፈዋል፣ ሰው በሳቅ ይሞታል፣ የሚሰበርም ዕቃ የለም። ተመልካቹ መሃል ላይ ሄዶ ሻይ ጠጥቶ ቢመለስ ምንም አያመልጠውም።

አራተኛ «ወሎዬ በደሙ ተፎካካሪ ነው፣ ጉግሱን እዩ፣ ፉከራውን እዩ» ብሏል። ጉግሱን አይተነዋል፣ ሲሯሯጡ የዋሉት ሁለት ወገኖች ማታ አንድ ትሪ ላይ ነው የሚቀርቡት፣ ስንት ለስንት ወጣችሁ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ፉከራ ካማረውም ማሲ ያለውንና ቤላሩስ ያለውን ሰው ጎን ለጎን ያቁማቸው፣ ያለ ዳኛ እስከ መግሪብ ይፎክሩለታል። ይሄ ነጥብ ይብቃው።

አምስተኛው ከበድ ይላል፣ እሱ ግን በሁለት መስመር ነው ያለፈው። «ውድድርና ገንዘብ ከሌለው ናፍቆት ብቻ ነው፣ የትራክተር ታሪካችን ደግሞ የሚናፈቅ አይደለም።»

ታሪኩ የሚናፈቅ አይደለም ሲል ልክ ነው። እዚሁ ከቤታችን እንጀምር። በድሮው ወሎ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ አውሳ አውራጃ ነበር፣ ዱብቲ፣ አሳይታ፣ ዛሬ አፋር ክልል ነው። በፈረንጅ 1960ዎቹ ሚቸል ኮትስ የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር ተሻርኮ ተንዳሆ ላይ ጥጥ ሲያለማ ትራክተሩ የገባው አዋሽ በጎርፉ የሚያጠጣው ሜዳ ላይ ነው፣ ያ ሜዳ ደሞ አፋሩ በበጋ ከብቱን የሚያወርድበት ግጦሽ ነበር። ዝናብ ሲጠፋ የሚሸሽበት ቦታ ጥጥ ሆኖ ጠበቀው፣ በኛ አቆጣጠር የ66ቱ ረሃብ አፋሩን እንደዛ የጎዳው ከምክንያቶቹ አንዱ ይሄ ነው። አርሲ ጭላሎ ላይም ስዊድኖች ባገዙት ፕሮጀክት ጊዜ ትራክተር ያዋጣኛል ያለ ባለመሬት ጭሰኛውን እያስነሳ መሬቱን ራሱ ማረስ ጀመረ። ከዛ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ታወጀ፣ ትልልቁ እርሻ የመንግሥት ሆነ፣ ከሶቪየት ቤላሩስ መጣ፣ ናዝሬት ላይ መገጣጠሚያ ቆመ፣ ቤላሩስ የነዳ ሁሉ የየራሱ ወሬ አለው፣ የሚያስቅም የሚያስለቅስም።

እና ይሄ ታሪክ የት ይነገር? ጸሐፊው ባለው ውድድር ላይ የሚነገርበት ቦታ የለም። እዛ ትራክተሩ ፊት የሚቆመው ካርቶን ላይ «2ኛ ደረጃ» ነው የሚጻፈው፣ ሰውም አንብቦ ያልፋል። ውድድር በሌለበት ግን ካርቶኑ ባዶ ስለሆነ ሰው መጠየቅ አለበት፣ «ይሄ የት ነው ያረሰው? ማን ነበር የሚነዳው? መሬቱ የማን ነበር?» ይላል፣ አጠገቡ የተቀመጠው ሾፌር ይመልሳል፣ ከሕዝቡ መሃል አንዱ «አይ እንደዛ አይደለም፣ የኛ ቤተሰብ ከዛ መሬት ነው የተነሳው» ብሎ ይገባበታል። እኔ ይሄ ክርክር ሜዳ ላይ ቢነሳ ደስ ይለኛል። ትራክተሩን የምንወደው ሰዎች ትራክተሩ ያደረገውንም መስማት አለብን፣ እሱን ደሞ የሽልማት ማይክራፎን አያሰማም፣ ስፖንሰር የሚለጥፈው ባነርማ ጭራሽ።

ለገበሬው ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው ደሞ አንድ ልበል። እዚሁ ደቡብ ወሎ ጃማ ላይ ያለው ዋልካ መሬት ሲረጥብ ጎማ ላይ እየተለጠፈ ትራክተሩን ያሰምጠዋል፣ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ እንደ ብሎኬት ይሆናል፣ በሁለቱ መሃል ለማረስ የሚመቸው ጊዜ አጭር ነው። መቼ መግባት እንዳለበት፣ ማረሻውን ስንት አውርዶ ማረስ እንዳለበት፣ ጎማ መንሸራተት ሲጀምር ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያውቁት የድሮ ሾፌሮች ናቸው። አሁን በክላስተር ስንዴ እየዘራ ትራክተር የሚከራየው ገበሬና አዲሱ ትራክተር ላይ ትናንት የወጣው ልጅ ይሄን ከማን ይስማ? ሽማግሌዎቹ ለውድድር አይመጡም፣ ወንበርና ቡና ካለ ግን ይመጣሉ።

ስድስተኛና መጨረሻ፣ «ወጣቱ ፉክክር ከሌለ ስልኩን ትቶ አይመጣም።»

እዛው ኮምቦልቻ ጋራዥ ያየሁትን ልንገረው። ያ 135 ቆሞ ከርሞ ናፍጣው አልቆ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቶ ነበር፣ የጋራዡ ረዳት ልጅ ሞተሪኖውን እየደጋገመ ያዞረዋል፣ አይነሳም፣ ባትሪው እየደከመ ነው። ጥግ ላይ ዱላቸውን ይዘው የተቀመጡ የድሮ የመንግሥት እርሻ ሾፌር ነበሩ።

«ተወው ልጄ፣ ባትሪውን አትግደለው» አሉት።

«ጋሼ ናፍጣ ሞልቼዋለሁ እኮ፣ ምን ሆኖ ነው?»

«አየር ነው። መጀመሪያ የፊልትሮዋን ቡሎን ላላ አርጋት፣ እንዳትነቅላት። አዎ። አሁን እዚ ጎን ያለችውን ትንሿን ማንሻ በእጅህ ፓምፕ አርግ።»

ልጁ ቢገፋው ቢገፋው ማንሻው ልል ነው፣ ምንም አያመጣም። «ተበላሽታለች ጋሼ» አለ።

«አልተበላሸችም፣ አብሽር። ሞተሩ የቆመበት ቦታ ነው፣ ከስር ያለው ዘንግ ደግፏታል። ሞተሩን ትንሽ አዙረውና ድጋሚ ሞክር።»

አዞረው። ማንሻው ከበድ አለው፣ ልጁ ፊቱ በራ። በላላው ቡሎን በኩል አረፋ እየተንፈቀፈቀ መጣ፣ ነጭ አረፋ፣ ከዛ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ንጹህ ናፍጣ ሲወርድ «አሁን እሰራት» አሉት። ፖምፓው ላይ ያሉትን ሁለቱን አስደገሙት። መጨረሻ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚሄዱትን ሦስቱን ቱቦ ጫፋቸውን አላላና ሞተሪኖውን አዞረ፣ አንዱ ጢቅ አለ፣ ሁለተኛው ጢቅ አለ፣ ሦስተኛው። አሰራቸው። ቁልፉን ሲያዞር አንዴ ነው የያዘው። የድልሁ ቆርቆሮ በረረ፣ ልጆቹ ጮሁ፣ ከመንገድ ሳይቀር ሰው ገባ፣ ባጃጅ የሚነዱ ልጆች ባጃጃቸውን አቁመው መጡ። ሁሉም ስልክ አውጥቶ ነው የቀረጸው፣ ስልኩን መተው ለምን አስፈለገ? ያ ረዳት ልጅ እስከዛሬ ጋራዡ በመጣው ሰው ሁሉ ላይ አየር ማስወጣት ያስተምራል፣ ሰለቸን።

ስለዚህ ወጣቱ ቺያቤ ይሰጠው፣ ማንሻዋን ራሱ ይግፋ፣ ስህተቱን የሚያርመው ሽማግሌ አጠገቡ ይቀመጥ። ይሄን በነጥብ ብናረገውማ ሽማግሌው ራሱ አይናገርም ነበር፣ ለተወዳዳሪ ማን ምስጢር ይሰጣል?

ጽሑፉ መጨረሻ ላይ የመመዝገቢያ ክፍያ፣ የዳኞች አበልና የስፖንሰር ሐሳብም አለ፣ እሱን ነጥብ ብሎ ስላልቆጠረው እኔም አልቆጥረውም። የሚያስፈልገው ሜዳ፣ ጥላ፣ ውሃ፣ ሁለት የእሳት ማጥፊያ፣ ሕዝቡን ከትራክተሩ የሚለይ ገመድ፣ ቡና የሚያፈሉ ሁለት ሴቶች (በክፍያ፣ እንዳንሳሳት) እና ናፍጣ ነው። ናፍጣው ነው ራስ ምታቱ፣ እሱን እንደምንም እንላለን።

ጸሐፊው ራሱም ቤላሩሱን ይዞ ቢመጣ በጣም ደስ ይለናል። ከነዛ ትልቁን ሞተር የምታስነሳ ትንሽ የቤንዚን ሞተር ካላቸው ቤላሩሶች ከሆነ በተለይ፣ እዚ አካባቢ ብዙ ሰው እሱን ሲነሳ አላየም። ብቻ የመሳቢያ ገመዱን ከቤቱ ይዞ ይምጣ፣ እኛ ገበያ ያለው ቀጭን ነው፣ ሁለቴ ሲሳብ ይበጠሳል።